ኩርፊያና ሚሞሪ

1998 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ነበር። አሶሳ በሚያዝያ እንዴት እንደምትሞቅ የኖረባት ያውቀዋል። ዝናቡ ዛሬ ነገ እየተባለ አይመጣም፤ ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። በዚያ ወር ባለቤቴና ልጄ ተኮራርፈው ነበር።

ኩርፊያው ዘጠኝ ቀን ቆየ። የቆጠርኩት መልእክተኛዋ እኔ ስለነበርኩ ነው።

"ለልጅሽ ንገሪያት፣ ጫማዬን አይታው እንደሆነ" ይላል እሱ፣ ልጅቷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማ።

"እማዬ፣ ከአልጋው ሥር ነው በይልኝ" ትላለች እሷ።

ዝም ብል ሁለቱም ያዩኛል። ስለዚህ "ከአልጋው ሥር ነው" እላለሁ። እሱም ገና አሁን እንደሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቅና ወደ አልጋው ይሄዳል።

ከወለጋ ተነሥተን የመጣነው ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው። ያኔ ቢሮዎቹ ታፔላ ነበራቸው፤ ወንበር ግን አልነበራቸውም። ባለቤቴ ጤና መኮንን ነው፤ እኔ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። እግዚአብሔር የሰጠን አንዲት ልጅ ናት፤ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ትምህርት ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሊያጠኑ የሚፈልጉትን በቅደም ተከተል እንዲሞሉ ለተማሪዎቹ ፎርም ሰጣቸው። እስከ ወዲያኛው ሳምንት ሰኞ ይመለስ ተባለ። ባዶውን የመለሰ ደግሞ እንደተገኘ ይመደባል።

አባቷ ሕክምና ይላል። እሷ ኮምፒውተር ትላለች።

ባለቤቴን ክፉ አትበሉብኝ። በመንጌ መንገድ ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡ ደጋግሞ ያየ ሰው ነው። ሳይደርሱ ያለፉ አሉ፤ ስማቸውን እስከዛሬ ያስታውሳል። ከቤቱ አንድ ሐኪም ቢወጣለት እንደ ስለት ነው የሚያየው። ልጄ ደግሞ ደም ስታይ ሮጣ ትወጣለች። "ይለመዳል" አላት። "እስክለምደው በሽተኛው ምን ይሁን?" አለችው። ያን ጊዜ ተቆጣና "ኮምፒውተር መጫወቻ እንጂ ሥራ አይደለም" አለ። እሷ ፎርሙን አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው። ቆይታ ለብቻችን ስንሆን፣ "ያልፈለግሁትን አልሞላም። የምፈልገውንም አባዬ ሳይመርቀኝ አልሞላም" አለችኝ። እንግዲህ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፎርሙ ግን ባዶ ነው።

መጫወቻ ነው ያለው ሰው በቤታችን ከማንም በላይ የሚጫወትበት እሱ መሆኑን ግን ልናገር።

ኮምፒውተሩን ያገኘው አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በጨረታ ነው። ቤት የገባ ዕለት እግዚአብሔርን አመሰገንኩና በሳምንቱ ዳንቴል ሠራሁለት። አንድ ለስክሪኑ፣ አንድ ለኪቦርዱ፣ አንድ ደግሞ ከጎን ለሚቆመው ለትልቁ ሣጥን። የሣጥኑ ይበልጥ ያማረ ነበር። ለአቧራው ብዬ ከውስጥ በኩል ላስቲክ ገበር ሰፋሁበት። የስክሪኑና የኪቦርዱ ሲጫወቱ ይነሣል፤ የሣጥኑ ግን አይነሣም፤ ሣጥኑን ማን ያየዋል፣ ማንስ ይነካዋል? በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እንግዳ ሁሉ ያደንቀው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አባትና ልጅ የእግር ኳስ ጌም ይጫወታሉ። ኪቦርዱ አንድ ስለሆነ እሱ ቀኙን፣ እሷ ግራውን ይዘው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ የክፍሏን ወሬ የምትነግረው፣ እሱም የመስክ ወሬውን የሚነግራት በጨዋታ መሐል ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠው ግን ሲያወሩ አይቼ አላውቅም። ሁለቱም ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ካልሆነ አፋቸው አይከፈትም።

ከፎርሙ ጠብ ትንሽ ቀደም ብሎ የሥራ ባልደረባው ከአዲስ አበባ አዲሱን ጌም በሲዲ አመጣለት። ሣጥኑ ቦታ የለኝም ሲል ባለቤቴ የድሮውን አጠፋና አዲሱን ጫነ። አዲሱ አልሄድ አለ። ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው አንድ እግር ሲያነሡ ሌላው ይቀራል። ኳሱ ተመትቶ ጎል እስኪደርስ አንድ ሰው ወጥቶ ሽንኩርት ገዝቶ ይመለሳል። የቅዳሜው ጨዋታ ቀረ። ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚታረቁበትን ወንበር ራሳቸው አፍርሰው ተጣሉ።

ጸሎቴ አጭር ነው። "ጌታ ሆይ፣ ወይ አፋቸውን ክፈት፣ ወይ ኮምፒውተሩን አፍጥነው" አልኩ።

ኩርፊያው በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ወደ ገበያው ሄድኩ። እዚያ ድሮ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ የበርታ ሰው ሱቅ አለው። ቢሮዎቹ ኮምፒውተር ማስገባት ሲጀምሩ እሱም ከሬዲዮ ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። ለትንሹም ለትልቁም፣ ለሴቱም ለወንዱም "አንተ" ነው የሚለው፤ እኔን ግን ያከብረኛል፣ "ኡሚ" ነው የሚለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው።

"ሚሞሪው ስንት ነው፣ ኡሚ?"

"እኔ ምኑን አውቄ!"

"አንተ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ትሠራ የለ እንዴ?"

"እጽፍበታለሁ እንጂ አልከፍተውም።"

ሳቀብኝና ከሰዓት እቤት መጣ። እንግዳ ይመጣል ብዬ ዳንቴሎቹን ሁሉ አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቻቸው ነበር። ሣጥኑን ከፈተ፣ በባትሪ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

"ትንሽ ነው። ኡሚ፣ አንተ መጀመሪያ ቢሮ ስትመጣ ጠረጴዛ ነበረህ?"

"ለሦስት አንድ ነበረን።"

"እንዴት ሠራህ?"

"አንዷ ስትጽፍ ሁለታችን ፋይላችንን ጉልበታችን ላይ ይዘን እንጠብቃለን።"

"ይሄም እንደዛ ነው። መደርደሪያ አለው፣ ጠረጴዛ የለውም። የድሮው ጌም ወረቀቱ ትንሽ ነበር፣ በቃው። አዲሱ ብዙ ወረቀት ይፈልጋል። ጠረጴዛ እንጨምርለታለን፣ ኢንሻላህ።"

ከዚያ በኋላ ሚሞሪ ምን እንደሆነ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም፤ አስፈልጎኝም አያውቅም። ዘመዱ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከው። አርብ ማታ ገባ። ከጣቴ ብዙ የማይበልጥ አረንጓዴ ቁራጭ ነው። ይህቺ ናት እንዴ ሁለት ቀን በአውቶቡስ የተጓዘችው ብዬ ገረመኝ፤ ግን በሰላም ስላደረሳት አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው መጣ። ሣጥኑን ገበታው ላይ አስተኝቶ ከፈተው። ባለቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ የመድኃኒት ዝርዝር ያያል። ልጄ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አንዱም ኮምፒውተሩን አይመለከትም፤ ሁለቱም ግን ገጽ አልገለጡም፣ ምስር አላነሡም።

ሰውየው ሚሞሪዋን ሰክቶ ሲያበራው ሣጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

"አንቺ፣ ለሰውየው ጫን አድርጎ ይሰካው በይው" አለ ባለቤቴ፣ ከዝርዝሩ ሳይነሣ።

"እማዬ፣ ቢጭነው ይሰበራል። የሚሞሪዋን ጥርስ በላጲስ ይጥረገው በይው" አለች ልጄ፣ ከምስሩ ሳትነሣ።

ሰውየው ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ኡሚ፣ ቤትህ ውስጥ መስመር ተቆርጧል እንዴ?"

"ዘጠኝ ቀኑ ነው" አልኩት።

"ይሄን እኔ አልጠግንም፣ ወላሂ። ላጲስ ግን አምጣ።"

ላጲሱን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ከቦርሳው አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ ለሰውየው ሰጠሁ። የሚሞሪዋን ቢጫ ጥርሶች በላጲስ ጠርጎ መልሶ ሰካት። ስክሪኑ በራ። ጌሙን ቢከፍተው ተጫዋቾቹ ሮጡ። "ማሻአላህ!" አለ፤ ልጄ ምስሩን ረስታ ተነሣች፤ ትዝ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠች።

ሰውየው ለሰላት ለመሄድ ሲነሣ እስከ በሩ ሸኘሁትና፣ "እባክህ፣ በሁለት ሰው ይሞከር በልልኝ" አልኩት።

ቶሎ ገባው። ከበሩ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ኡሚ፣ በሁለት ሰው ይሞከር! አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም!" ብሎ ሄደ።

እኔም ተመልሼ "በሁለት ሰው ይሞከር ብሏል" አልኩ። አልዋሸሁም፤ ብሏል። ማን እንዲል እንዳደረገው የጠየቀኝ የለም።

ሣጥኑን ወደ ቦታው መለሱት። ወንበሮቹን አቀራርቤ አስቀመጥኩ፤ እነሱ አራርቀው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ደስ ስላለኝ የታጠበውን ዳንቴል አምጥቼ ሣጥኑን አለበስኩት፤ አበባውንም መለስኩ። ከዚያ ምስሩን ይዤ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ይሄዳል። ኪቦርዱ አንድ ነውና ወንበሮቹ እየተጠጉ መጡ። ልጄ አንድ አገባች፤ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለተኛ ልታገባ ስትል "ኤዲያ!" አለ። ለእኔ አይደለም ያለው። እሷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ዘገሙ። እንደገና ጭቃው ውስጥ ገቡ። ትንሽ ተጎተቱና ስክሪኑ ቀጥ አለ።

ባለቤቴ ተነሣ። "ለልጅሽ ንገሪያት፣ ኮምፒውተር ማለት ይኸው ነው" አለ።

አልነገርኳትም። ፎርሙ ከነገ ወዲያ ይመለሳል፤ ጠረጴዛ ተጨመረለት፣ ሁለት ሰው ተቀመጠለት፣ ሌላ ምን ይደረግለት? ምስሩ ላይ አቀረቀርኩ።

ልጄ ግን አልተነሣችም። ትንሽ አሰበች። እጇን ከዳንቴሉ ሥር ወደ ሣጥኑ ጀርባ ሰደደችና ቶሎ መለሰችው።

"ይፋጃል" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ባለቤቴ ቆም አለ። ተመልሶ ጎንበስ አለና የእጁን ጀርባ ሣጥኑ ላይ አሳረፈ፤ ልክ የሕፃን ግንባር እንደሚዳብስ። የዳንቴሉን ጫፍ ገለጠ። ላስቲኩን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመንጌ እስከ ባምባሲ፣ በሠራበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ባለቤቴ የሚታወቀው በአንድ ቁጣ ነው። እናቶች ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲያመጡ በጋቢ፣ በፎጣ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው፤ ብርድ እንዳይመታው። እሱ ደግሞ ገና ከበሩ ሲያያቸው "ልብሱን አውልቂለት! ልጁን ልትቀቅይው ነው?" ይላል። እቤት መጥቶም ደጋግሞ ይነግረኛል፤ እኔም "እውነትህን ነው፣ እንዴት አያውቁም" እላለሁ።

አየኝ፣ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ግድግዳውን ይዞ ሳቀ።

"ልጄ" አለ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ነው። "አውልቂለት።"

"እንደ ሕፃን?"

"እንደ ሕፃን። እናትየዋንም ከክፍሉ አስወጪልኝ።"

አልወጣሁም። ልጄ ሣጥኑን አጥፍታ ዳንቴሉን አወለቀችለት፤ ጎኑን ከፈቱት። ማራገቢያው በአቧራ ተለብዷል። በዚያ ሁሉ ላስቲክ አቧራው በየት ገባ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ባለቤቴ ከሥራ ቦርሳው የሕፃን አፍንጫ የሚጠርግበትን የጎማ ፊኛ አወጣ፤ ንጹሑን። እሱ ፊኛውን እየጨመቀ አየር ይነፋል፣ እሷ በቀለም ብሩሽ ትጠርጋለች። ጭንቅላታቸው ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ነው።

"እንዴት አወቅሽ?" አላት ከውስጥ።

"መጀመሪያ ደህና ነበር። የሚሞሪ ችግር ቢሆን እንደ ባለፈው ገና ሲከፈት ነበር የሚጎተተው። አሁን ግን ቆይቶ ነው የመጣው። ሲቆይ ምን ይጨምራል ብዬ አሰብኩ። ሙቀት ነው የሚጨምረው።"

ባለቤቴ ፊኛውን መጭመቅ አቆመ።

"መቼ ጀመረው ብለሽ ጠየቅሽ ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ከዚያ ዳሰስሽው።"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ይህን የማያደርግ ስንት ባለሙያ አለ መሰለሽ። ሳይጠይቅ፣ ሳይዳስስ፣ እንዲሁ መድኃኒት የሚጽፍ።" ፊኛውን መልሶ ጨመቀ። ከዚያ በዝቅታ፣ "መጫወቻ ነው ያልኩት ሳላስብ ነው" አለ።

ልጄ በብሩሹ አንዱን ቦታ ደጋግማ ትጠርጋለች። እኔም አንዱን ምስር ደጋግሜ ለቀምኩት።

ሣጥኑ ሲቀዘቅዝ ጎኑን እንደተከፈተ ትተው አበሩት። ተጫዋቾቹ ይሮጣሉ፣ አይደክሙም። ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ልጄ ሦስት ለዜሮ መራች።

"ፎርሙ የት ነው?" አላት፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ እንዳለ።

"መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ።"

"ስንጨርስ አምጪው። አንደኛ ላይ የራስሽን ጻፊ። ሁለተኛ ላይ ለእኔ ብለሽ ሕክምናን ጻፊልኝ።"

"ሁለተኛ መሆን ይከፋሃል ብዬ ነበር።"

"ሦስት ለዜሮ እየተመራሁ ምን መከፋት አለ? ተጫወቺ።"

ሲጨርሱ ፎርሙን አመጣች፤ ገበታው ላይ ሞላችው። ተነሣና እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እሱ እንደ እኔ አይደለም፣ ቃል አይቆጥብም። የመንጌን መንገድ ሳይቀር አስገባበት። "አሜን" ያልኩት ከልጄ በላይ ጮክ ብዬ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ከሰላት ሲመለስ ዳንቴሉ ወንበር ላይ ተጥሎ አገኘው። አገላብጦ ላስቲኩን አየ፤ ሁለቱ ነገሩት።

"ኡሚ" አለኝ፣ "በዚህ ሙቀት አንተ ራስህ ካፖርት ትለብሳለህ?"

"ሚሞሪው በከንቱ ነበር ማለት ነው?" አልኩት፤ እሱ ነበር ያሳሰበኝ።

"የለም፣ ሁለት በሽታ ነበር። አንዱን እኔ፣ አንዱን ልጅህ አገኘ።" ወደ ጨዋታው አየ፤ አባትና ልጅ በአንዲት ጎል ይከራከራሉ፣ ቤቱ በጩኸት ተሞልቷል። "መስመሩም መጥቷል" አለ። ሻይ ጠጥቶ፣ በልጄ አንድ ለዜሮ ተሸንፎ ሄደ።

እነሱ እስኪመሽ አልተነሡም። በዘጠኝ ቀን ያልተባባሉትን ሁሉ ተባባሉ፤ ስለ እኔ የተባለውን አልጽፍም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ከስብከቱ በፊት የምስጋና ጊዜ አለ፤ እግዚአብሔር ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ ይነሣል። ያን ያህል ዓመት ስመጣ አንድም ቀን ተነሥቼ አላውቅም፤ የማመሰግነው በልቤ ነው። ያን ዕለት ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። ከወንዶች በኩል ባለቤቴ ቀና ሲል አየሁት፤ ልጄ አጠገቤ ቀሚሴን ያዝ አደረገች። "በቤቴ አባትና ልጅ ስለተነጋገሩ ጌታን አመሰግነዋለሁ" አልኩ። መሪው እንድቀጥል ትንሽ ጠበቀኝ። ተቀመጥኩ።